መብራቷ ብልጭ ስላለች ብቻ የአርዱዪኖ ኪት እንዳትገዙ

ይህን የምጽፈው ከሱቁ ተመልሼ ገና ጫማዬን ሳላወልቅ ነው። ስለዚህ ቃላቴ ሻካራ ቢሆኑ ይቅርታ።

ሻጩን ታውቁታላችሁ። ግድግዳው ሙሉ ሴንሰር በላስቲክ ተንጠልጥሏል፤ እሱ አንድ ዓይኑን ስልኩ ላይ ተክሎ ቁጭ ብሏል፤ አንድ ነገር ስትጠይቁት መልሱን ለእናንተ ሳይሆን አጠገቡ ለተቀመጠው ጓደኛው ነው የሚነግረው። ኪቱም ያው የምታውቁት ነው። ከኮምፒውተር ኮድ እየተጫነበት መብራትና ሞተር የሚያዝዘው የአርዱዪኖ ቦርድ፣ ሽቦ የሚሰካበት ባለቀዳዳ ሰሌዳ (ብሬድቦርድ)፣ አንድ እስር ሽቦ፣ ኤሌክትሪኩን የሚገድብ ሬዚስተር፣ ባለቀለም የኤልኢዲ መብራቶች፣ ሁለት ዓይን ያላት የርቀት ሴንሰር እና አንዲት ትንሽዬ ሰማያዊ ሰርቮ ሞተር። ሰርቮዋን ሳያት ልቤ ቀለጠ። ገና ምንም ሳልችል በሃሳቤ በር የሚከፍት ሮቦት ሠርቼ ጨርሻለሁ።

«ይሠራል ግን?» አልኩት።

ቦርዱን ከሳጥኑ አወጣ። ከኪሱ ፓወር ባንክ መዘዘና ሰካው። ቦርዱ ላይ ያለችው ሚጢጢ መብራት በራች፣ ጠፋች፣ በራች፣ ጠፋች። አንድ ሴኮንድ ብልጭ፣ አንድ ሴኮንድ ድርግም። «አየሽ? ልቡ ይመታል» አለኝ። ሳቅሁ። ከፈልኩ። አመስግኜውም ወጣሁ፤ ይህችን ሳስታውስ ነው አሁን አንጀቴ እርር የሚለው።

ለካ ያቺ ብልጭታ ምንም ማለት አይደለችም! ብዙዎቹ ቦርዶች ከፋብሪካ ሲወጡ ብሊንክ የምትባለው ፕሮግራም ተጭናባቸው ነው። ኤሌክትሪክ ካገኘች ብልጭ ትላለች፣ በቃ። አዲስ ኮድ መቀበል ሌላ ጉዳይ ነው። ከኮምፒውተር የሚሄደው ኮድ መጀመሪያ ዩኤስቢውን በሚያስተናግድ ሌላ ቺፕ በኩል ያልፋል፣ ከዚያ ነው ዋናው ቺፕ ጋ የሚደርሰው። ያ አስተርጓሚ ከሞተ ቦርዱ አፍ አለው፣ ጆሮ የለውም። የሸጠልኝም እሱን ነው።

ይህን ግን ያኔ አላውቅም። ቤት ገብቼ ላፕቶፑ ላይ ስሰካው መብራቷ ብልጭ ትላለች፣ ኮምፒውተሩ የተሰካበትን ቦርድ የሚያሳይበት የፖርት ዝርዝር ግን ባዶ ነው። መጀመሪያ ኬብሉ ነው አልኩ። እውነትም ከኪቱ ጋር የመጣው ኬብል የቻርጅ ብቻ ሆኖ ተገኘ፤ ኃይል የሚያስተላልፉት ሁለት ሽቦዎች አሉ፣ ዳታ የሚያስተላልፉት ሁለቱ የሉም። ስልኬን ከላፕቶፑ ጋር የማገናኝበትን አምጥቼ ሰካሁ። አሁንም ጭጭ። እንዲህ ያሉ ርካሽ ቦርዶች ላይ ያለው ቺፕ ሲኤች340 ነው ሲሉኝ ኮምፒውተሩ ቺፑን እንዲያውቀው የሚያደርገውን ድራይቨር ጫንኩ፣ አጠፋሁ፣ እንደገና ጫንኩ። የጓደኛዬ ኮምፒውተር ላይ ሞከርኩ፣ የእህቴ ላይ ሞከርኩ። ሁለት ሌሊት ሙሉ እኔ ነኝ ያልገባኝ እያልኩ ራሴን ስወቅስ አደርኩ። ጥፋቱ የዕቃው ሊሆን ይችላል ብዬ ለማሰብ ሁለት ሌሊት ፈጀብኝ!

ዛሬ ላፕቶፔን ጭምር ተሸክሜ ሄድኩ። ሳልጨርስ ያንን ፓወር ባንክ አወጣ። ሰካ። ብልጭ፣ ድርግም። «ይኸው ይሠራል።»

«ኮምፒውተር ላይ እንየው» አልኩና ላፕቶፔን ጠረጴዛው ላይ ላስቀምጥ ስል በእጁ ገፋ አደረገው። «ኤልኢዲ ያለ ሬዚስተር ሰክተሽ አቃጥለሽዋል።» አስቡት፣ ይሠራል ባለበት አፉ፣ በዚያው ትንፋሽ፣ ተቃጥሏል አለኝ። የኤልኢዲዎቹ ላስቲክ ደግሞ ገና እንደታሸገ እጄ ላይ ነው። ብሰካስ ኖሮ? ያለ ሬዚስተር ብትሰኩ የሚጎዳው ኤልኢዲው ራሱ ነው፣ ቢብስ የሰካችሁበት ፒን፤ ዩኤስቢውን ምን አገባው?

ይህን ሁሉ ግን አላልኩትም። ላስቲኩን ከፍ አድርጌ አሳየሁት፣ እሱ ወደ ጓደኛው ዞረና «እህታችን፣ ይሄ ነገር መጀመሪያ ትምህርት ይፈልጋል» አለ። ጓደኛው ሳቀ። እኔ ፊቴ ቀልቶ ዕቃዬን ሰብስቤ ወጣሁ። ለመማር አይደል እንዴ የገዛሁት! መልሱ የመጣልኝ ደረጃው ላይ ነው፤ ተመልሼ ልንገረው ብዬ ቆምኩ፣ አፈርኩ፣ ወረድኩ።

ኮፒ ቦርድ በመሆኑ እንዳይመስላችሁ የተናደድኩት። የአርዱዪኖ ዲዛይን ለሁሉም ክፍት ነው፣ ማንም መሥራት ይችላል፣ ደህና የሚሠሩ ኮፒዎችም ሞልተዋል። የሚያናድደው እንደማይሰማ እያወቀ ብልጭታ አሳይቶ መሸጡ ነው። ምናልባት አያውቅም ትሉኝ ይሆናል። ላፕቶፔን ለምን ገፋው ታዲያ?

እናንተ ስትገዙ ላፕቶፕና የምታውቁት የዳታ ኬብል ይዛችሁ ሂዱ። በላፕቶፑ የአርዱዪኖ ፕሮግራም ላይ ብሊንክን ክፈቱ፣ ኮዱ ውስጥ መብራቷ በርታና ጠፍታ የምትቆይበትን ጊዜ የሚወስኑትን ሁለቱንም 1000 (በሚሊሴኮንድ ናቸው) ወደ 100 ቀይሩና ቦርዱ ላይ ጫኑት። ብልጭታዋ ከፈጠነች ኮዱን ተቀብሏል። ካልፈጠነች፣ ወይ ሻጩ «ኮምፒውተር ምን ያደርጋል» ካለ፣ ኪቱን እዚያው ትታችሁ ውጡ።