የልብ ድካም ደም መመርመሪያ ማሽን፦ ለገጣፎ ባለች ክሊኒክ ከወራት አገልግሎት በኋላ

የልብ ድካም ታካሚ ዘወትር የሚመላለስበት ክሊኒክ ያለው ሰው ይህችን ማሽን ቢገዛ አይጸጸትም። በወር አንድ ሁለት ብቻ የሚያይ ግን ገንዘቡን ለጥሩ የሰውነት ሚዛንና ለደም ግፊት መለኪያ ቢያውለው ይሻለዋል። እኛ ለገጣፎ ባለችው ክሊኒካችን ከክረምቱ መግቢያ ጀምሮ ስንሠራባት ቆይተናልና ደጉንም ክፉውንም ልጻፍ።

ማሽኗ ጠረጴዛ ላይ የምትቀመጥ ትንሽ ዕቃ ናት። ከደም ሥር ከተቀዳ ደም ጥቂት ጠብታ ካሴት በሚባለው ትንሽ መመርመሪያ ላይ ይደረጋል፤ ሩብ ሰዓት ገደማ ይጠበቃል፤ ከዚያ የኤን ቲ ፕሮ ቢ ኤን ፒን መጠን በፒኮግራም በሚሊሊትር ታሳያለች። የልብ ግድግዳ በጫና ሲወጠር የጡንቻው ሕዋሳት 108 አሚኖ አሲድ ያለው ፕሮቲን ያመርታሉ። ይህ ለሁለት ይሰነጠቃል። 32 አሚኖ አሲድ ያለው ቢ ኤን ፒ ኩላሊት ጨውና ውኃ እንዲያስወጣ፣ የደም ሥሮችም እንዲላሉ ያደርጋል። 76 ያለው ሌላኛው ክፍል፣ ማሽኗ የምትለካው ኤን ቲ ፕሮ ቢ ኤን ፒ፣ ሥራ የለውም፤ ደም ውስጥ ግን ረዘም ላለ ጊዜ ስለሚቆይ ለመለካት ይመቻል። ሳኩቢትሪልና ቫልሳርታን የተዋሐዱበትን መድኃኒት የሚወስድ ታካሚ ላይ ደግሞ ቢ ኤን ፒን መለካት ያሳስታል፤ መድኃኒቱ ራሱ ቢ ኤን ፒ እንዳይሰባበር ስለሚከለክል ቁጥሩን ከፍ ያደርገዋል። አንዱን ወይም ሌላውን የሚለኩ ማሽኖች የቀረቡለት ሰው ኤን ቲ ፕሮ ቢ ኤን ፒ የምትለካውን ይምረጥ።

ስንገዛት ያሰብነው ለምርመራ ነበር። ትንፋሽ ያጠረው ሰው ሲመጣ ሳንባው ነው ወይስ ልቡ? ቁጥሩ በተመላላሽ ታካሚ ላይ ከ125 በታች፣ በድንገት በታመመ ሰው ላይ ከ300 በታች ከሆነ የልብ ድካም የመሆን ዕድሉ በጣም ጠባብ ነው። ለዚህ ጥሩ ናት፤ አስም ይዞት የመጣውን ሰው ያለ ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ወረፋ ወደ ትክክለኛው ሕክምና አስገብተንበታል። እየዋለ ሲያድር ግን ዋና ጥቅሟ ሌላ ሆኖ አገኘነው፤ ሕመማቸው አስቀድሞ ከታወቀው መካከል የትኛው ታካሚ አደጋ ላይ እንዳለ ትነግረናለች።

አንዲት እናት ነበሩ፤ በስድሳዎቹ መጨረሻ ላይ ያሉ፣ የደም ግፊት ልባቸውን የጎዳባቸው። ከሆስፒታል ወጥተው ወደ እኛ ሲመጡ 2,100 ነበር። በቀጠሯቸው ሲመለሱ እግራቸው አላበጠም፤ እንዴት ነዎት ስንላቸው «ተመስገን ልጄ፣ ደህና ነኝ» አሉ። ማሽኗ 3,900 አለች። ሚዛን ላይ ሲወጡም ኪሎ ተኩል ጨምረዋል። ሲስተር አጠገባቸው ቁጭ ብላ ስትጠይቃቸው ነገሩ ወጣ፦ የሚያሸናውን መድኃኒት የተዉት ቅዳሴ ላይ ሽንት እየመጣባቸው ስለሚሳቀቁ ነው። ከቅዳሴ ሲመለሱ እንዲወስዱት ተስማማን፤ በሚቀጥለው ቀጠሮ ቁጥሩ ከ2,000 በታች ወረደ። እንዲህ ያለውን ነገር እሳቸው በራሳቸው አንሥተው ለሐኪም አይነግሩም። ቁጥሩ ነው ጥያቄውን ያስጠየቀን።

ስለዚህ ለገዢ የምመክረው አንድን ቁጥር ለብቻው እንዳያምን ነው። ሰው ከራሱ የቀድሞ ውጤት ጋር ይነጻጸር። ጥቂት ከፍ ዝቅ ማለት በጤነኛም ላይ ያለ ነው። ሆስፒታል ተኝቶ የታከመ ሰው ሲወጣ ከገባበት ቢያንስ 30 በመቶ ካልወረደለት ተመልሶ የመተኛትም የመሞትም ዕድሉ ከፍ እንደሚል በተደጋጋሚ ታይቷል። የሚያሳዝነው ግን ወደ እኛ የሚመጣው የመውጫ ወረቀት ላይ ይህ ቁጥር ብዙ ጊዜ አይገኝም፤ መነሻችን የራሳችን የመጀመሪያ ልኬት ይሆናል።

ቁጥሩን እያሳደዱ መድኃኒት መጨመርም ሌላ ስሕተት ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው ጋይድ አይቲ የተባለው ጥናት ቁጥሩን ከ1,000 በታች ለማውረድ የታከሙትን በተለመደው መንገድ ከታከሙት ጋር ቢያነጻጽር ልዩነት አላገኘም። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ስትሮንግ ኤች ኤፍ የተባለው ጥናት ግን፣ ናይጄሪያና ሞዛምቢክ ያሉ ሆስፒታሎችም የተሳተፉበት፣ ሌላ ነገር አሳየ። ከሆስፒታል የወጡ ታካሚዎች በመጀመሪያዎቹ ስድስት ሳምንታት ቶሎ ቶሎ እየታዩ መድኃኒታቸው በፍጥነት ወደ ሙሉ መጠኑ ሲደርስ፣ በ180 ቀን ውስጥ የሞቱት ወይም በልብ ድካም ተመልሰው የተኙት ከ23.3 ወደ 15.2 በመቶ ወረዱ። እዚያ ኤን ቲ ፕሮ ቢ ኤን ፒ የነበረው ሥራ ጥበቃ ነው፤ ሲወጡ ከነበረው ከ10 በመቶ በላይ ከጨመረ ሐኪሙ ቆም ብሎ ፈሳሽ መያዙን ይመረምራል። እኛም የያዝነው መንገድ ይህን ነው። ቶሎ ቶሎ መታየቱን ማሽን አይተካውም፤ ከለገጣፎ በአያት፣ በሲ ኤም ሲ፣ በመገናኛ አድርጎ ጥቁር አንበሳ ድረስ በየሳምንቱ መመላለስ ለማይችል ሰው ደግሞ ቅርብ ያለ ክሊኒክ ነው የሚያዋጣው።

የሚያሳስቱ ነገሮችም አሉ። ኩላሊት ሲደክም ቁጥሩ ይጨምራል፤ የልብ ምት ሲዛባና ዕድሜ ሲገፋም እንዲሁ። ወፍራም ሰው ላይ ደግሞ ሕመሙ እያለ ዝቅ ብሎ ይገኛል። ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን በልጅነቷ የቶንሲል ሕመም ያስከተለው የሩማቲክ ልብ በሽታ የያዛት፣ ሚትራል የሚባለው የልቧ ቫልቭ የጠበበ የ22 ዓመት ወጣት ናት። እነዚያ ትልልቅ ጥናቶች በአብዛኛው የተሠሩት በዕድሜ በገፉ፣ የደም ግፊትና የልብ ደም ሥር መጥበብ ባለባቸው ሰዎች ላይ ነው። እሷ ዘንድ የቁጥሩ መጠነኛ መሆን አያጽናናኝም፤ ኢኮ ትነሣ፣ በየወሩ የምትወጋው ፔኒሲሊን አይቋረጥ።

ትሮፖኒን፣ ኤስ ቲ 2 እና ጋሌክቲን 3 የሚባሉት ሌሎች የደም ልኬቶችም ስለ ታካሚው ዕጣ ይናገራሉ፤ እኛ ግን አንለካቸውም። ከማሽኗ ጎን ለጎን የማንተወው ሶዲየም፣ የኩላሊትን ሥራ የሚያሳየው ክሬአቲኒንና ሄሞግሎቢን ነው። ሶዲየሙ ከ135 በታች የወረደ የልብ ድካም ታካሚ አደጋ ላይ ነው፤ ይህን ለማወቅ ደግሞ አዲስ ማሽን አያስፈልግም።

አሁን ወደ ችግሮቿ። ማሽኗ ክፍሉ ከ15 ዲግሪ በታች ሲሆን አትሠራም። በኅዳርና በታኅሣሥ የለገጣፎ ጠዋት ብርድ የታወቀ ነው፤ ማሞቂያ እስክናስገባ ድረስ ጠዋት የመጣ ታካሚ እስከ ሦስት ሰዓት ይጠብቅ ነበር። ካሴቱም ከፍሪጅ እንደወጣ አይሠራም፤ ግማሽ ሰዓት ውጭ መቆየት አለበት። መብራት ሲጠፋ ማሽኗን በባትሪ ማሠራት ይቻላል፤ የሚያስጨንቀው ፍሪጁ ነው፤ የካሴቱ ዕድሜ በእሱ ላይ ነውና። ቱቦውም የራሱ ጣጣ አለው። የምትቀበለው ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው ሄፓሪን ያለበትን አረንጓዴ ክዳን ነው፤ ገበያ ላይ የሚበዛው ወይን ጠጅ ክዳኑ ነው። በወይን ጠጁ የተቀዳ ደም ይዘው የሚመጡ አሉ፤ አንቀበልም፣ እንደገና እንቀዳለን።

ዋጋው ለታካሚ ከባድ ነው፤ ከኢኮ ቢያንስም ከተራ የደም ምርመራ ብዙ እጥፍ ነው፣ አብዛኛውም ከኪሱ ነው የሚከፍለው። ስለዚህ ለሁሉም በየቀጠሮው አናዝም፤ ከሆስፒታል ለወጣ፣ መድኃኒት ለተቀየረለትና ሁኔታው ላላማረን ብቻ ነው። አንድ አስመጪ መጠቀሚያ ጊዜያቸው ሊያልቅ የተቃረቡ ካሴቶች ሸጦልን ከሣጥኑ ሲሶው ተጥሏል። የታካሚ ገንዘብ ነው የተጣለው፤ ይህ ዛሬም ያንገበግበኛል። ቀኑን ሳያዩ ክፍያ አይፈጽሙ።

ሣጥኑን ከሌላ ክሊኒክ ጋር መካፈልም አይቻልም። እያንዳንዱ ሣጥን ማሽኗ ላይ የምትሰካ የራሱ ቺፕ አለው፤ የሌላ ሣጥን ካሴት ካስገቡባት አታነብም። አሁን ያደረግነው ሰንዳፋና አካባቢው ያሉ ክሊኒኮች ደሙን በአረንጓዴ ቱቦ ቀድተው በዕለቱ እንዲልኩልን ነው። ጠዋት የተቀዳው ከምሳ በፊት ይደርሳል፣ ውጤቱን ለሐኪሙ በስልክ እንነግረዋለን፤ ሣጥኑም ቀኑ ሳያልፍ ያልቃል።