በመዶሻ የገባ ኩሽኔታ እና በፕሬስ የገባ

ይቺን የምጽፈው ሁለት ጊዜ ከፍዬ ስለተማርኩ ነው። አንድ ጎማ፣ ሁለት ኩሽኔታ (ጎማው በቀላሉ እንዲዞር የሚያደርገው ባለ ኳስ ቀለበት)፣ ሁለት ቤት። የመጀመሪያውን ጋራዥ ስሙን አልጠራም። ሁለተኛው ደግሞ ታፔላ እንኳን የለውም፣ ቄራ አካባቢ ውስጥ ለውስጥ ያለ ቶርኖ ቤት፣ ማለትም ብረት በማሽን የሚቀረጽበት ቤት ነው። ግምገማዬ በዋናነት ስለሱ ነው፣ ግን የመጀመሪያውን ሳልነግራችሁ አይገባችሁም።

መኪናዬ ያሪስ ናት፣ 2008 ሞዴል፣ በፈረንጆቹ። ጋራዥ ስትገባ ግን ሁሉም "ቪትዟን ወደዚህ አስጠጋት" ነው የሚለኝ፣ ታክቶኝ ማረም ትቻለሁ። ክረምት ላይ ነው የጀመራት። ከ40 በላይ ስነዳ ከሥር "ውውውው" የሚል ነገር ይመጣል፣ 60 ላይ ይብሳል፣ 80 ላይ ሬዲዮውን ይውጠዋል። ጎማ ነው አልኩ። ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚለው እሱን ነው። የፊቱን ወደ ኋላ፣ የኋላውን ወደ ፊት አስቀየርኩ። ድምፁ ንቅንቅ አላለም።

አንድ ቅዳሜ ወደ አዳማ ስንወጣ፣ ገና የቱሉ ዲምቱን የክፍያ በር እንዳለፍን ባለቤቴ "ኧረ ይቺ መኪና ምን ሆና ነው እንደ በሬ የምታጓራው?" አለችኝ። ከተማ ውስጥ ጉድጓዱና ጡሩምባው ይሸፍናል፣ ፈጣን መንገዱ ላይ ግን አስፋልቱ ለስላሳ ስለሆነ መኪና ገበናዋን መደበቅ አትችልም። እዚያው መሪውን በቀስታ ወደ ግራ ያዝ ሳደርገው ጩኸቱ ጨመረ። ወደ ቀኝ ሳደርገው ሊጠፋ ምንም አልቀረው። ይቺን ያዙልኝ፦ ወደ ግራ ስትታጠፉ ክብደቱ የሚያርፈው ቀኝ ጎማ ላይ ነው፣ ስለዚህ ያኔ ጩኸት ከጨመረ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የቀኙ ኩሽኔታ ነው። ሁልጊዜ ልክ ይሆናል ማለት አይደለም፣ ግን ጎማ ከመግዛት ይሻላል።

ሰፈሬ ያለው ጋራዥ በክሪክ አነሳት። መካኒኩ ጎማውን ከላይና ከታች ይዞ ነቀነቀው፣ ቀጭ ቀጭ አለ። በእጁ አሽከረከረውና ሌላኛውን እጁን የፊት ሞላው ላይ አሳረፈ፣ እኔንም "እስቲ ንካው" አለኝ። ሞላው በእጄ ውስጥ ይንዘረዘራል፣ አሸዋ የሚፈጭ ነው የሚመስለው። እስከዚህ ድረስ ጎበዝ ነበር። "ኩሽኔታ ነው፣ ግዛና ና" አለኝ።

መለዋወጫ የሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ወረድኩ። ለአንድ ዕቃ ሦስት ዋጋ ተነገረኝ፣ እኔም እንደ ጨዋ ሰው ርካሹን መረጥኩ፣ 2,200 ብር። ሳጥኑ ያምራል። ሳጥን ማንም ያሳትማል።

ጋራዡ ውስጥ የሆነውን በዓይኔ አይቻለሁ፣ ያኔ ግን ምን እያየሁ እንደሆነ አላወቅኩም። ኩሽኔታው የሚቀመጥበትን ትልቁን ብረት ፈትተው አወጡ፣ ድንጋይ ላይ አስተኙት፣ አሮጌውን በመዶሻ ቀጥቅጠው አስወጡ፣ አዲሱንም በመዶሻ ቀጥቅጠው አስገቡ። ልጁ ሲመታ ከጀርባው ያሉት "አይዞህ፣ ትንሽ ቀረው!" ይሉታል፣ የሠርግ ቤት ነው የሚመስለው። 1,000 ብር ከፈልኩ። መኪናዋ ፀጥ አለች። ደስ ብሎኝ ለረዳቱ ጉርሻ ሰጠሁ።

ፀጥታው አንድ ወር ተኩል ቆየ።

አሁን የገባኝን ልንገራችሁ። ኩሽኔታ ሁለት ቀለበት ነው፣ መሃላቸው ላይ ኳሶች አሉ። የውጪው ቀለበት ትልቁ ብረት ውስጥ ተጠቅጥቆ ይገባል። ጎማው የሚታሰርበት ሞዞ ደግሞ በውስጠኛው ቀለበት ውስጥ ተጠቅጥቆ ይገባል። አንዱን ቀለበት እየመታችሁ ሌላውን የምታስገቡ ከሆነ ምቱ የሚያልፈው በኳሶቹ በኩል ነው። ኳሶቹ የሚሄዱበት መንገድ ላይ በዓይን የማይታይ ጎድጎድ ይወጣል። ያኔውኑ አይጮህም። ኳሱ በዚያች ጎድጓዳ ላይ በሄደ ቁጥር ትሰፋለች፣ ከዚያ በሬው ይመለሳል።

ቶርኖ ቤቱን የጠቆመኝ ጎረቤቴ ነው፣ ሜትር ታክሲ ይሠራል። ባለቤቱ ሸምገል ያሉ ሰው ናቸው፣ ሁሉም "ጋሼ" ነው የሚላቸው። ኩሽኔታው ወጥቶ ጠረጴዛቸው ላይ ሲቀመጥ እኔ አንድም ነገር አልተናገርኩም። መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩት፣ ጠርዙን በጥፍራቸው ዳሰሱ። "ማነው እንዲህ የወቀጠው?" አሉ። የመዶሻው ጠባሳ ቀለበቱ ላይ ጨረቃ ጨረቃ መስሎ ተሰልፏል። እኔ ወደ ጣሪያው አየሁ።

አዲሱን ዕቃ ይዤ ነው የሄድኩት፣ በዚህኛው አልሰሰትኩም። ኮዮ ነው፣ የጃፓኑ ጄቴክት የሚሠራው፣ ኩባንያው ራሱ የቶዮታ ቤተሰብ ነው። 5,000 ብር ሊሞላ ትንሽ ቀረው። ኤንኤስኬና ኤንቲኤንም እዚያው ደረጃ ላይ ያሉ የጃፓን ምርቶች ናቸው። ጋሼ ሳጥኑን ዞር ብለው አላዩትም። ያዩት ቀለበቱ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር ነው፣ ቤንዚን የነካ ጨርቅ አሹበት፣ አልለቀቀም።

ሥራው ሦስት ሰዓት ያህል ፈጀ። አሮጌው ሲወጣ የውስጠኛው ቀለበት ግማሹ ሞዞው ላይ ተጣብቆ ቀረ፣ ይሄ የተለመደ ነው አሉ። ልጁ በግራይንደር ቀለበቱን ሰንጠቅ ማድረግ ጀመረ፣ ሞዞውን ሳይነካ። መሃል ላይ መብራት ሄደ። ግራይንደሩ ቆመ፣ ቶርኖው ቆመ፣ ሁላችንም ሻይ ጠጣን። ፕሬሱ፣ ዕቃን ያለ ምት ቀስ ብሎ ገፍቶ የሚያስገባው ማሽን፣ ግን በእጅ የሚሠራ ሃይድሮሊክ ስለሆነ መብራት አያሻውም፣ የሌላ ሰው ሥራ በሱ ሲጨርሱ ቁጭ ብዬ አየሁ። ከ40 ደቂቃ በኋላ መብራት መጣ፣ ቀለበቷ በአንድ ምት ጧ ብላ ተሰነጠቀችና ወደቀች።

ከዚያ የወደድኩት ክፍል መጣ። የኔዋ ኤቢኤስ አላት፣ ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርገው። ኤቢኤስ ካላቸው መኪኖች በብዙዎቹ ላይ የኩሽኔታው አንድ ጎን ማግኔት አለው፣ የጎማውን ፍጥነት የሚያነበው ሴንሰር የሚያየው እሱን ነው። ተገልብጦ ከገባ የኤቢኤስ መብራት ይበራል፣ ደግሞም ሁሉም ነገር እንደገና ሊፈታ ነው። ልጁ ኩሽኔታው ላይ ነጭ ወረቀት አስቀመጠና ከቶርኖው ሥር የወሰደውን የብረት ብናኝ ቆንጠር አድርጎ ከላይ ነሰነሰው። ብናኙ ራሱ ተሰብስቦ እንደ ፀሐይ ጮራ ዙሪያውን ተደረደረ። "ይሄኛው ወደ ውስጥ" አለና ወረቀቱን እንዳይደፋበት ተጠንቅቆ አነሳ። ምንም መሣሪያ አላስፈለገውም። እኔ ስልኬን አውጥቼ ቪዲዮ ልቀርጽ ስል አልቋል።

ፕሬሱ ላይ ጋሼ ራሳቸው ናቸው የሚቆሙት። ከጥግ የብረት ቀለበቶች የሞሉበት ሳጥን አለ፣ ባለፉት ዓመታት ራሳቸው የቆረጧቸው። ኩሽኔታው ሲገባ የውጪውን ቀለበት ብቻ የሚገፋ መረጡ። ማቆሚያውን ቀለበት ቦታው አስገቡ። ሞዞው ሲገባ ደግሞ ገለበጡትና ከሥር የውስጡን ቀለበት ብቻ የሚደግፍ ሌላ አስቀመጡ። "ውጪው ሲገባ ውጪውን፣ ሞዞው ሲገባ ውስጡን" አሉኝ፣ ለተማሪ እንደሚነገር። ዓይናቸው ከፕሬሱ ሰዓት አይነቀልም። መርፌዋ ድንገት ስትዘል እጃቸውን አነሱ፣ ገብቷል ማለት ነው። አንድም ምት አልተሰማም።

ሲገጠም ትንሽ ተጨቃጨቅን። ልጁ የሞዞውን መሃል የምታስረውን አሮጌዋን ዳዶ ሊመልሳት ነበር። ይቺ ዳዶ ከታሰረች በኋላ ጠርዟ ተቀጥቅጦ ነው የምትቆለፈው፣ አንዴ ከተፈታች አዲስ ነው የሚገባው። አዲስ ይዤ ነበር፣ ሰጠሁት። እሱ በ30 ቁጥር ቡሶላ ላይ ረጅም ቱቦ ሰክቶ ሊረግጣት ሲል ጋሼ ከውስጥ "በቶርኩ!" ብለው ጮሁ፣ የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካው ቁልፍ ማለታቸው ነው። 216 ኒውተን ሜትር ላይ ቀጭ አለች። ይሄን ጋሼ ባይኖሩ ማን ያስታውሰው ነበር? አላውቅም፣ ስለዚህ እሳቸው በሌሉበት ቀን አልሄድም።

ሌላ ቅሬታም አለኝ። ደረሰኝ የለም። ስልክ አያነሱም። መቀመጫ የሚባለው የተገለበጠ የቢራ ሳጥን ነው። የሾፌር ወንበሬ ላይ አምስት ጣት የግራሶ ማኅተም ቀርቶልኛል፣ በሳሙና አልለቀቀም። ኮንቨርጀንሳ (የጎማ አቅጣጫ ማስተካከል) አይሠሩም፣ ግን ትልቁን ብረት ከአሞርዛተሩ የሚያያይዙት ሁለቱ ቡሎኖች ስለሚፈቱ የግድ ያስፈልጋል። ልጁ ከመፍታቱ በፊት በቀለም ምልክት አድርጎባቸው ነበር፣ ያም ሆኖ ሌላ ቦታ ሄጄ ሳስለካ ትንሽ ወጥቶ ተገኘ።

የጉልበት 1,800 ብር። ከመጀመሪያው ጋራዥ 800 ብር ይበልጣል። የመጀመሪያውን ዕቃና ጉልበት ስደምር ግን 3,200 ብር ሜዳ ላይ ጥያለሁ።

አንዳንድ መኪኖች ይሄ ሁሉ ጣጣ የላቸውም። ከአምስተኛው ትውልድ ወዲህ ያለ ጎልፍ የያዘ ሰው ለምሳሌ ሞዞው ከነኩሽኔታው አንድ ላይ ነው የሚመጣለት፣ በቡሎን ይታሰራል፣ ፕሬስ አያሻውም። የያዛችሁትን መኪና ጠይቁ። እንደኔዋ ተጠቅጥቆ የሚገባ ከሆነ ግን ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት "ፕሬስ አላችሁ?" በሉ። "በመዶሻም ይገባል" ካሏችሁ ቁልፋችሁን ተቀበሉ።

ከተቀየረ ወዲህ 4,000 ኪሎ ሜትር ነድቻለሁ፣ ሁለት ጊዜ አዳማ ደርሼ ተመልሻለሁ፣ በጎርፍ ውስጥም አንዴ አልፌያለሁ (ባላልፍ ይሻለኝ ነበር፣ ውሃ ለኩሽኔታ ጠላት ነው)። ፀጥ ብላለች። ባለፈው ቅዳሜ ብቻ ወደ ቀኝ ስታጠፍ ከግራ በኩል ቀጠን ያለ ነገር ሰማሁ መሰለኝ። ባለቤቴ "ጎማ ነው" አለች። ማክሰኞ ጠዋት ጋሼ ጋ ነኝ።