ሼሟ ከወራት በኋላ፦ ለደሴው ላፕቶፕና ለኮምቦልቻው ዴስክቶፕ አንድ ሴቲንግ

ቤቴ ደሴ፣ ሥራዬ ኮምቦልቻ ነው። ላፕቶፑ ቤት ይውላል፣ ዴስክቶፑ ቢሮ። ሁለቱም በሊኑክስ ይሠራሉ፤ ሴቲንጋቸው ግን ሆድና ጀርባ ነበር። ጠዋት ጠዋት ከደሴ ብርድ ወደ ኮምቦልቻ ሙቀት መውረዱ አንሶ፣ የለመድኩትን ሾርትከት ቢሮ ሳጣው ያናድደኛል።

ሼሟ (chezmoi) የሚባለውን ፕሮግራም የጫንኩት ለዚህ ነው። እንደ ባሽ አርሲና ጊት ኮንፊግ ያሉ ሴቲንግ የሚቀመጥባቸውን የግል ፋይሎች አንድ ፎልደር ውስጥ ይሰበስባል፤ ፎልደሩን ጊት፣ ማለትም የፋይል ለውጥን ታሪክ የሚመዘግበው ፕሮግራም፣ ይይዘዋል። ነጻ ነው፣ ለመጫንም ጣጣ የለውም።

በጣም የወደድኩት ያለ ኢንተርኔት መሥራቱን ነው። ይህ የጊት በረከት ነው። የሊኑክስ ፈጣሪ ሊኑስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ2005 ለሊኑክስ ከርነል (ለሊኑክስ እምብርት) ሲሠራው፣ ሙሉ ታሪኩ እያንዳንዱ ሰው ኮምፒውተር ላይ እንዲቀመጥ አድርጎ ነው። ስለዚህ ማታ ደሴ ኔትወርክ ቢጠፋም ኮሚት አደርጋለሁ፤ ለውጡን እዚያው ላፕቶፑ ላይ እመዘግባለሁ ማለት ነው። ሲመለስ ፑሽ ነው፣ ማለትም በኢንተርኔት መላክ፤ ጠዋት ቢሮ «ሼሟ አፕዴት» ስለው ለውጡ ይገባል።

አንድ ምሳሌ ልስጥ። የፋይል ስም በአማርኛ ከጻፋችሁ፣ የተቀየሩ ፋይሎችን በሚዘረዝረው ጊት ስታተስ ላይ «ሰነድ» የሚለው ስም \341\210\260 እያለ በቁጥር ይዥጎደጎዳል። መፍትሔው ጊት ኮንፊግ ውስጥ ኮትፓዝ (core.quotePath) የሚለውን ፎልስ ማድረግ ነው። አንዴ ቤት አስተካከልኩት፣ ቢሮም ተስተካከለ። በቃ! ኢሜይሌ ግን ቤት ሌላ፣ ቢሮ ሌላ ነው። እሱን በቴምፕሌት ፈታሁት፤ ሼሟ የኮምፒውተሩን ስም አይቶ ትክክለኛውን ያስገባል።

የሚያማርረው ደግሞ አለ። ፋይሉን በሼሟ በኩል ሳይሆን በቀጥታ ከነካችሁት፣ ለውጡ ወደ ፎልደሩ አይገባም። «ሪ አድ» ብላችሁ መመለስ አለባችሁ። ቴምፕሌት የሆኑትን ደግሞ ሪ አድ አይነካቸውም፤ በእጅ ነው። ቸኩሎ ለሚሠራ ሰው ይህ ራስ ምታት ነው። እኔ አሁን የፎልደሩን ለውጥ ፋይሎቹ ላይ ከሚያውለው «አፕላይ» በፊት ሁሌ «ዲፍ» እላለሁ፤ ምን እንደሚቀየር መስመር በመስመር ያሳያል።

አንድ ኮምፒውተር ብቻ ካላችሁ ሼሟ ይበዛባችኋል። ተራ ጊት ይበቃል፤ ካሰኛችሁም ስቶው (Stow) የሚባለውን፣ ፋይሎችን በሊንክ ወደ ቦታቸው የሚያገናኝ ፕሮግራም ጨምሩበት።

የይለፍ ቃል ነገር ላይ ግን ጠንቀቅ በሉ። ሼሟ አንዳንድ ፋይሎችን «ፕራይቬት» የሚል ቅድመ ስም ይሰጣቸዋል። ስሙ ያዘናጋል እንጂ ይዘቱን አይቆልፍም፤ የሚገድበው ኮምፒውተሩ ላይ ማን ፋይሉን ይከፍታል የሚለውን ብቻ ነው። ፑሽ ስታደርጉት እንዳለ ይሄዳል። ምስጢር ያለበትን ስትጨምሩ «ኢንክሪፕት» የሚለውን አማራጭ ተጠቀሙ። የኤስኤስኤች ቁልፌን (ወደ ሌላ ኮምፒውተር ስገባ ማንነቴን የሚያረጋግጠውን ፋይል) ግን እንዲያም ሆኖ አላስገባሁትም፤ እያንዳንዱ ኮምፒውተር የራሱ አለው።