ደጃችን ድረስ የሚመጣው ምርምር፦ ከጅማ ሰፈር የተጻፈ ሪቪው

ሰው ስለ ሆቴል ስለ ስልክ ሪቪው ይጽፋል፣ እኔ ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ ቤታችን ስለሚመጣ አገልግሎት ልጻፍ። ተማሪዎችና ተመራማሪዎች ደጅ አንኳኩተው ስለሚሰሩት ስራ ነው የማወራው። ጅማ ያደገ ሰው ነጭ ጋዋን የለበሱ ልጆች ክሊፕቦርድ ይዘው በቡድን በቡድን ሰፈር ሲገቡ ያላየ የለም፣ በሩ ላይ በቾክ ቁጥር ይጽፋሉ፣ ስንት ሰው አለ፣ ሽንት ቤት አላችሁ ወይ፣ ውሃ ከየት ነው የምትቀዱት፣ ልጁ ተከትቧል ወይ እያሉ ይጠይቃሉ። ሲቢቲፒ ነው የሚሉት፣ ተማሪው ማህበረሰብ ውስጥ ገብቶ የሚሰለጥንበት ፕሮግራም ማለት ነው። ጅማ ዩኒቨርሲቲ በ1992 ዓ.ም. የእርሻ ኮሌጁና የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ ተዋህደው ሲመሰረት ይሄ ማህበረሰብ ውስጥ ገብቶ የመማር ነገር ከጤናው በኩል አብሮ የመጣ ነው፣ እስካሁንም ዋና መታወቂያው እሱ ነው።

ጥሩውን ላስቀድም። አንድ ዓመት የመጡት ልጆች ጠይቀው ዝም ብለው አልሄዱም፣ የእድራችን ስብሰባ ላይ መጥተው ያገኙትን በትልቅ ወረቀት በማርከር ጽፈው ግድግዳ ላይ ለጠፉት። ከዛ ይሄ ይሄ ችግር አለ፣ እናንተ የትኛውን ታስቀድማላችሁ ብለው ጠየቁን። እኛ መንገዱ ይጠገን የምንል መስሎኝ ነበር ግን እናቶቹ ተነስተው የጉድጓድ ውሃውን አነሱ፣ ለካ የአንድ ጎረቤት ሽንት ቤት ከጉድጓዱ በላይ በኩል፣ ዳገቱ ላይ፣ በጣም ቀርቦ ነው የተቆፈረው፣ ክረምት ላይ ወደየት እንደሚወርድ አስቡት። ማንም ጎረቤቱን ደፍሮ መናገር አልቻለም ነበር፣ እንግዳ ሲያነሳው ግን ማንም አልተቀየመም፣ እድሩ ገንዘብ አዋጥቶ ወጣቶቹ ቆፍረው አዛወሩት። በዛው ሰሞን አንዷ ተማሪ አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ያላት የክንድ መለኪያ ይዛ የሰፈሩን ህጻናት ስትለካ የአንዲት ጎረቤታችን ልጅ ቀዩ ላይ አረፈ፣ በምግብ እጥረት ክፉኛ ተጎድቷል ማለት ነው። ልጅቷ እናትየዋን እንኳን አላስደነገጠቻትም፣ ቁጭ ብላ አብራት ቡና ጠጣች፣ ከዛ ራሷ ይዛት ጤና ጣቢያ ሄደች። ያ ልጅ ዛሬ ኳስ ሲጫወት መስኮታችንን ይሰብራል። ለዚህ ከአምስት አምስት ኮከብ እሰጣለሁ፣ አላንገራግርም።

ግን ይሄ ስራ ምን ለውጥ አመጣ ብሎ መመዘን ሲመጣ ነገሩ ይከብዳል፣ እኔም ይሄን ለማለት ነው የጻፍኩት። ሽንት ቤት ያላቸው ቤቶች ጨመሩ እንበል፣ በማን ምክንያት? የጤና ኤክስቴንሽኗም በየቤቱ ስትዞር ነበር፣ እድሩም ተነሳስቶ ነበር። ደግሞ ብዙ ስንጠየቅ መልሱን ለምደነዋል። አጎቴ እዚሁ ጅማ ዞን ከርሳ ወረዳ ነው የሚኖረው፣ አጎበር ውስጥ ትተኛላችሁ ወይ ሲሉት አዎ ይላል፣ አጎበሩ ግን ጓሮ የበርበሬ ችግኝ ላይ ነው የተዘረጋው። ውሸታም ሆኖ አይደለም፣ እንግዳ ማሳፈር ስለማይወድ ነው። አንድ ጎበዝ ልጅ ብቻ ነው «አባባ፣ የት ጋር እንደሚሰቀል ያሳዩኝ» ያለው፣ ያኔ እውነቱ ወጣ፣ ልጁም ሳይቆጣ ለምን እንደማይመቻቸው ጠየቀ፣ ለካ ምሰሶው ሩቅ ሆኖ ገመዱ አልደርስ ብሎ ነው፣ ሚስማር መትቶ ገመድ ቀጥሎ ሰቅሎላቸው ሄደ። ወረቀት ላይ አጎበሩ ችግኝ ላይ ሲሆንም ሲሰቀልም መልሱ «አዎ» ነው፣ ኑሮው ላይ ግን ልዩነቱ ይሄን ያህል ነው። የሚመዝን ሰው እባካችሁ ከሶስት ዓመት በኋላ ተመልሶ ሚስማሩን ይይ።

ረጅም ጊዜ የሚቆይ ስራ ለዚህ ነው የምወደው። ወደ አዲስ አበባ መንገድ፣ ከጅማ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ፣ ግልገል ጊቤ ግድብ ዙሪያ ዩኒቨርሲቲው ከፈረንጆቹ 2005 ጀምሮ ቋሚ የምርምር ጣቢያ አለው፣ ማን ተወለደ ማን ሞተ ማን መጣ ማን ሄደ እያሉ እነዚያኑ ቤቶች ደጋግመው ይመዘግባሉ። ግድቡ አጠገብ ያሉ ልጆች ራቅ ካሉት ይልቅ በወባ እንደሚጠቁ በጥናት የታየውም እዛው አካባቢ ነው። አንድ ቀን መጥቶ በሚሄድ መኪና እንዲህ ያለ ነገር አይታወቅም።

አሁን ወደሚያመኝ። ስም አልጠራም፣ ከጅማም አይደሉም፣ አንድ የምርምር ቡድን ህዳር ላይ፣ ቡና በሚለቀምበት ሰዓት አጎቴ ጋር መጥቶ ሁለት ሰዓት ሙሉ ጠየቀው። ለቃሚዎቹ ቆመው ይጠብቃሉ፣ እሸቱ ጆንያ ውስጥ ይሞቃል፣ እሱ ግን እንግዳ ነው ብሎ አላባረራቸውም። አፈሩን በላስቲክ ወሰዱ፣ ማንበብ የማይችለው ወረቀት ላይ አስፈረሙት፣ ውጤቱን እናመጣለን አሉ። ሄዱ፣ ቀሩ። እሱ እስከ ዛሬ «የአፈሬ ነገር ምን ሆነ?» ይለኛል፣ እኔም የምመልሰው የለኝም። አፈሩ አሲድ ይሁን አይሁን ቢነግሩት ኖራ ይጨምር ነበር እኮ! ለነሱ ዳታ ነው፣ ለእሱ የልጆቹ እንጀራ ነው። ለዚህ አንድ ኮከብም ይበዛል።

ጅማ ላይ ደግሞ ውጤት ይዞ መመለስ አይቻልም ማለት አይቻልም። በፈረንጆቹ 1971 ፍሬውን እያጠቆረ የሚያረግፈው የቡና በሽታ አገራችን ውስጥ ሲታይ፣ ዩኒቨርሲቲ ባይሆንም እዚሁ ጅማ ያለው የመልኮ የግብርና ምርምር ማዕከል ሰዎች ነበሩበት፣ በሽታው ያልነካቸውን እናት ዛፎች ፈልገው መርጠው፣ አባዝተው ለገበሬው መለሱ። 74110፣ 74112 የሚባሉት የቡና ዝርያዎች እነሱ ናቸው፣ 74 የሚለው የተመረጡበት የፈረንጅ ዓመት ነው። አጎቴ ፊደል በደንብ አይለይም፣ «ይሄ ሰባ አራት መቶ አስር ነው» ብሎ ግን ዛፉን እየዳበሰ ያሳያችኋል። ከገበሬው ወስዶ ለገበሬው መመለስ ማለት ይሄ ነው፣ ሪፖርት ሳታነቡ ማሳው ላይ ታዩታላችሁ።

በአጠቃላይ የደጅ ለደጁን ስራ ከአምስት አራት ሰጥቼዋለሁ። አንዷን የያዝኩት ውጤት ይዞ መመለስ እንደ ግዴታ ሳይሆን እንደ ልጆቹ ጥሩነት ስለሚታይ ነው፣ ጎበዝ ቡድን ከደረሳችሁ ታገኛላችሁ፣ ካልደረሳችሁ ቀረ። ዘንድሮ ለምትወጡ ተማሪዎች፦ ገጠር የምትሄዱ ከሆነ ከጥር በኋላ ሂዱ፣ ለቀማው ያልቃል፣ ሰዉም ቁጭ ብሎ ያወራችኋል። ፎርማችሁን በኦሮምኛም አዘጋጁት። ስትጨርሱ ያን ትልቁን ወረቀት እዛው ተዉት፣ የእኛ እድር ዕቃ ቤት ውስጥ ያ የድሮው አሁንም ተጠቅልሎ አለ፣ ከድንኳኑ አጠገብ፣ ስብሰባ ሲኖር አውጥተው የትኛው እንደቀረ ያያሉ፣ ሁለቱ ገና አልተሰሩም።