ለወላጆቻችሁ የስቴት አይዲ ስታወጡ ለ"ጉዳይ አስፈጻሚ" አትክፈሉ

አሜሪካ ያላችሁ፣ በተለይ እናት ወይም አባታችሁ በቅርቡ በግሪን ካርድ የመጡላችሁ፣ ይቺን ሳታነቡ አትለፉ። መኪና ለማይነዳ ሰው የሚሰጠውን የስቴት አይዲ "እኛ እንጨርስላችኋለን" እያሉ ገንዘብ የሚቀበሉ ድረ ገጾችም ሰዎችም አሉ።

የጎረቤቴ ልጅ ለእናቱ ብሎ በስልኩ "ዲኤምቪ አይዲ" (ዲኤምቪ መንጃ ፈቃድና አይዲ የሚሰጠው መሥሪያ ቤት ነው) ሲል ፈለገና ከላይ የመጣውን ማስታወቂያ ከፈተ። ቀለሙም ቅጹም የመንግሥት ይመስላል። የእናቱን ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር፣ የትውልድ ቀን፣ የባንክ ካርዱን ቁጥር ሞልቶ ከፈለ። በኢሜይል የደረሰው ግን "አይዲ እንዴት ይወጣል" የሚል ጥቂት ገጽ መመሪያ ነው፤ ያውም መሥሪያ ቤቱ በነፃ የሚያስነብበው! ከገጹ ግርጌ በደቃቅ ፊደል "የመንግሥት ተቋም አይደለንም" ተብሎ ተጽፏል። ነገሩ አዲስ አይደለም። የፌዴራል ንግድ ኮሚሽኑ ኤፍቲሲ እንዲህ ያሉ ገጾችን የሚያንቀሳቅስ ቡድን በ2019 ከሶ፣ ፍርድ ቤት ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ፈርዶበታል።

ለመጀመሪያ ጊዜ አይዲ የሚያወጣ ሰው ራሱ ቀርቦ ሰነዱን ያሳያል፣ ፎቶ ይነሳል። ይህን በእናታችሁ ፋንታ የሚያደርግ ድርጅት የለም። ዋጋውም ደላላ የሚያስፈልገው አይደለም፤ ዲሲ 20 ዶላር ሲሆን 65 ዓመት ለሞላው ነፃ ነው። ካሊፎርኒያ 62 ለሞላው ነፃ፣ ቴክሳስ ደግሞ 60 ለሞላው 6 ዶላር። የመሥሪያ ቤቱ ስም እንደየስቴቱ ይለያያል፦ ሜሪላንድ ኤምቪኤ፣ ቴክሳስ ዲፒኤስ፣ ጆርጂያ ዲዲኤስ ይባላል። ስለዚህ በስሙ አትታለሉ፤ የድረ ገጹ አድራሻ በ"ዶት ጎቭ" ማለቁን እዩ።

"ሪል አይዲ ከሌላቸው አይበሩም" እያሉ የሚያስቸኩሉም አሉ። ሪል አይዲ የሚባለው የፌዴራል መንግሥቱን መስፈርት ያሟላ አይዲ ነው። ከሜይ 7 ቀን 2025 ወዲህ ኤርፖርት ላይ ተራው አይዲ አይበቃም፣ ይህ እውነት ነው። ግን ጊዜው ያላለፈበት ግሪን ካርድ ወይም የኢትዮጵያ ፓስፖርት ያለው ሰው በዚያው ይሳፈራል፤ ምን አጣደፋችሁ?

ሌላው የራሳችን ሰው ነው። ካፌ ቁጭ ብሎ ፎርም እየሞላ "ለትርጉም" የሚያስከፍለው። ሁሉም ሌባ ነው አልልም፣ ደክሞ የሚያግዝም አለ። ዲሲ ግን ከ2004 ጀምሮ ባለው የቋንቋ ሕግ የከተማው መሥሪያ ቤቶች የአማርኛ አስተርጓሚ በነፃ ማቅረብ አለባቸው፤ መስኮቱ ላይ ጠይቁ። በልጅ ቤት የሚኖሩ ወላጆች የአድራሻ ማስረጃ የሚሆን የመብራት ሂሳብ በስማቸው ስለሌላቸው "የኪራይ ውል እሠራላችኋለሁ" የሚል ቢመጣ ሽሹት። ዲሲ ለዚህ አብሯቸው የሚኖረው ቤተሰብ የሚፈርምበት የራሱ ቅጽ አለው፤ ሌላ ስቴት ያላችሁም መሥሪያ ቤቱን ራሱን ጠይቁ።

እኔን ከገንዘቡ በላይ የሚያስፈራኝ ግን ሌላ ነው። ከ1993ቱ የመራጮች ምዝገባ ሕግ ወዲህ በአብዛኛው ስቴት አይዲ ሲወጣ "በመራጭነት መመዝገብ ይፈልጋሉ?" ተብሎ ይጠየቃል፤ አብሮም የአሜሪካ ዜጋ መሆንና አለመሆን። ሌላ ደንበኛ የሚጠብቀው ፎርም ሞይ ሁሉንም "አዎ" ብሎ ቢያልፈው፣ ከሥር የሚፈርሙት እናታችሁ ናቸው። ዜጋ ያልሆነ ሰው ዜጋ ነኝ ብሎ መፈረሙ ነገ ዜግነት ሲጠይቅ ሊያስከለክለው፣ ከአገርም ሊያስወጣው ይችላል። እናም ከመፈረማቸው በፊት እያንዳንዱን ሳጥን አንብቡላቸው።

ቀድማችሁ ከፍላችሁ ከሆነ ዛሬውኑ ባንካችሁ ደውሉና ክፍያውን ተቃወሙ፣ ለኤፍቲሲም አመልክቱ። ሶሻል ሰጥታችሁ ከሆነ ደግሞ የብድር ታሪክ በሚመዘግቡት ሦስቱ ድርጅቶች፣ በኢኩፋክስ፣ በኤክስፔሪያንና በትራንስዩኒየን፣ ማንም በስማቸው እንዳይበደር ክሬዲታቸውን አስቆልፉ። ከ2018 ጀምሮ በሕግ ነፃ ነው፤ ለዚህም "እኛ እናስቆልፍላችሁ" ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ አይጠፋምና ተጠንቀቁ።