ሱዳኗ ጋ የበላሁት ቆረሶ

ባህር ዳር መጥቶ ሐይቁ ዳር አሳ ያልበላ የለም፣ እኔም ስንት ቤት ገብቻለሁ ግን ስለዚችኛዋ ማንም ሲጽፍ ስላላየሁ ልጻፍላት ብዬ ነው። ታፔላ የላትም፣ ባጃጁን "ሱዳኗ ጋ" ካላችሁት ያደርሳችኋል። ባለቤቷ ግን የዘጌ ልጅ ናት፣ 11 ዓመት ኻርቱም ደይም ሰፈር ሻይ ቡና ስትሸጥ ኖራ ነው የመጣችው። እዛ ሐበሻዋ ይሉኝ ነበር እዚህ ደሞ ሱዳኗ ሆንኩ አለችኝ፣ አይከፋሽም ወይ እታለም ብላት "ደንበኛ ካመጣልኝ ይበሉኝ ወንድማለም" ብላ ወደ ምድጃዋ ዞረች።

ቆረሶ አሳው ሙሉውን ጎኑ ተተልትሎ ተጠብሶ ነው የሚመጣው፣ እሱ ሁሉም ጋ አለ፣ የሷ ልዩነቱ ማባያው ነው። ደኳ ነው፣ የተፈጨ ኦቾሎኒ በሎሚና በሚጥሚጣ ተበጥብጦ፣ አዋዜም ነበር ግን ዞር ብዬም አላየሁት። ፉሉን በለስላሳ ጠርሙስ ቂጥ ደቁሳ የመተማ ሰሊጥ ዘይት ታፈስበታለች። ኪስራውስ፣ የሱዳኖቹ እንጀራ? የማሽላ ነው፣ ስስ፣ ዓይን የለውም፣ ግን አፍ ውስጥ ሲገባ እርሾው ያው የናቴ ቤት እርሾ ነው። እኔ ራሴ 3 ዓመት ሱዳን ስሰራ እንጀራ ሲናፍቀኝ ሆዴን በኪስራ ነበር የምደልለው፣ ለካ አሁን ደሞ ባህር ዳር ተቀምጬ ኪስራ ናፍቆኝ ኖሯል።

የሱዳን ጦርነት ሲጀምር ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ነበር፣ የኛ ፋሲካ ዋዜማ፣ የዶሮዋን ሽንኩርት እየከተፈች ነው ተኩሱን የሰማችው። ዶሮው ሳይሰራ ቀረ። በኋላ በገዳሪፍ አድርጋ መተማ ስትገባ የያዘችው አንድ ሻንጣና የቆርቆሮ ጀበናዋን ነው፣ የመኪናውን የከፈሉላት የሱዳን ጎረቤቶቿ ናቸው።

ቅሬታዬን ልናገር፣ አሳው ሊደርስ 50 ደቂቃ ፈጀ፣ የእጅ መታጠቢያው ውሃ የለውም፣ ፉሉም ጨው አንሶታል። ሁለት ሆነን 900 ብር ከፈልን፣ አልቆጨኝም።

ቡናው የዘጌ ነው፣ አፈላሉ ግን የኻርቱም፣ ዝንጅብል በደንብ የገባበት። እሱን እየጠጣሁ ጎኔ የነበሩ ሁለት የሱዳን ልጆች በልተው ሊከፍሉ ሲነሱ "ኸላስ ኸላስ" (በቃ በቃ) ብላ እጃቸውን መለሰችው፣ ባረብኛ ምን እንዳለቻቸው አልሰማሁም ግን አንደኛው ግንባሯን ስሞ ወጣ።

ኪስራ የምትጋግረው ቅዳሜ ብቻ ነው፣ ከ6 ሰዓት በፊት ሂዱ።