የሽዊን ታይፉን ዲካል፦ የውሃው ወይስ ቪኒሉ?

ለአሮጌ ሽዊን ታይፉን በኢንተርኔት የሚሸጠው የዲካል (ሳይክሉ ላይ የሚለጠፍ ስምና ምልክት) ስብስብ ሁለት ዓይነት ነው፤ በውሃ ተነክሮ የሚንሸራተተውና ተቆርጦ የሚለጠፈው ቪኒል። ሳይክሉ ታድሶ ለዓይን የሚቀመጥ ከሆነ የውሃው ይሻላል። በየቀኑ የሚነዳ፣ ደጅ የሚያድር፣ ከግንብ ጋር የሚላተም ከሆነ ደግሞ ቪኒሉ ይበቃዋል። ሁለቱም የሚጎድላቸው ግን አንድ ነው፦ የሚረባ መመሪያ። አብራ የምትመጣው ወረቀት ቀለሙ ስንት ቀን መድረቅ እንዳለበት፣ በላዩ የሚረጨው ክሊር (ቀለም አልባ መከላከያ ቫርኒሽ) ምን ዓይነት መሆን እንዳለበት ትንፍሽ አትልም። ዲካሉ የሚበላሸው ደግሞ እዚያው ላይ ነው።

ታይፉን፣ እ.ኤ.አ. በ1895 ቺካጎ ላይ የተመሠረተው ሽዊን በ1960ዎቹ ይሸጠው የነበረ ክሩዘር፣ ማለትም ወፍራም ጎማ ያለው የመዝናኛ ሳይክል ነው። ብዙዎቹ ባለ አንድ ማርሽ ናቸው፤ ፔዳሉ ወደ ኋላ ሲረገጥ ፍሬን ይይዛል፣ ቴላዮውም ጎበጥ ያለ ነው። ጌጥ ስለማይበዛው የፊደሉ ቅርጽ ትንሽ ከተዛባ ወዲያው ዓይን ውስጥ ይገባል።

የውሃው ዲካል ሲመጣ መጀመሪያ የሚታየው ነጩ ሥር ነው። በስክሪን (ቀለም በወንፊት መሰል ጨርቅ ተገፍቶ) የታተመ ከሆነ ከፊደሉ ቀለም ሥር ነጭ ሽፋን አለው። በተራ ፕሪንተር የወጣው ይህ ሥር ስለሌለው ቀይ ቴላዮ ላይ ሲያርፍ ነጩ ፊደል ይጠፋል፣ ቢጫውም ብርቱካን ይመስላል። ከዳር የተረፈችውን ቁራጭ ቆርጦ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ መጣል ነው። ውሃው ቀለም ከያዘ ዕቃው ወደ ሻጩ ይመለስ።

ሁለተኛው ችግር ዘመን መቀላቀል ነው። «ለ60ዎቹና ለ70ዎቹ» ተብሎ የሚሸጥ ስብስብ አይታመን፤ የጽሑፉ አጣጣል በየጊዜው ተለውጧል። የሳይክሉን ዕድሜ የሚናገረው የቴላዮው ቁጥር ነው። በ1960ዎቹ የተሠሩት ላይ ቁጥሩ የኋላው ጎማ በሚታሰርበት በግራ በኩል ተመትቷል። ከ1965 ወዲህ ያለው በሁለት የእንግሊዝኛ ፊደል ይጀምራል፦ የመጀመሪያው ወሩን፣ ሁለተኛው ዓመቱን ያሳያል። ለዓመት «ኤ» 1965 ነው፣ «ቢ» 1966። ስለዚህ «ሲ-ቢ» ብሎ የሚጀምር ቴላዮ ማርች 1966 ላይ ቁጥር የተመታበት ነው። በዚያ ዓመት የተሠራ፣ ቀለሙ ያልተነካ ሳይክል ፎቶ ፈልጎ ከስብስቡ ጋር ማስተያየት ከማንኛውም የሻጭ ቃል ይበልጣል።

የካቴና መሸፈኛው ላይ ያለው ስም ለብቻው መነገር አለበት። ሻጮች ለሱም ዲካል ይጨምራሉ፤ ፋብሪካው ግን ስሙን በስክሪን በቀጥታ ቀለሙ ላይ ነበር የሚያትመው። በዲካል ከተተካ ዙሪያውን ያለው ስስ ፊልም ፀሐይ ሲያርፍበት ያብለጨልጫል፤ ሳይክል የሚያውቅ ሰው ከሩቅ ይለየዋል። የሚሻለው ፊደሉን ከቪኒል አስቆርጦ እንደ ስቴንስል መለጠፍ፣ ቀለሙን በስሱ መርጨት፣ ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ ቪኒሉን መላጥ ነው።

ቀለም ከመላጡ በፊት ግን አንድ ጥያቄ አለ፦ መላጥ አለበት ወይ? የፋብሪካው ቀለም ገና ካለ፣ ቢቧጨርም፣ ሰብሳቢዎች ከአዲሱ ይልቅ እሱን ይመርጣሉ። እንደኔ ፊደሉ እስከተነበበ ድረስ አለመንካት ነው። በተለይ ከብርማ ቀለም በላይ ብርሃን የሚያሳልፍ ቀለም የተቀባ ከሆነ ከቆርቆሮ በሚረጭ ተራ ቀይ ወይም ሰማያዊ ያንን ድምቀት መመለስ አይቻልም።

ከተላጠ ደግሞ ከመላጡ በፊት ልኩ ይወሰድ። በሚያሳይ ስስ ወረቀት ፊደሉን መቅዳት፣ ማስመሪያ አጠገቡ አድርጎ ፎቶ ማንሳት፣ የመጀመሪያው ፊደል ከመሪው ቱቦ ስንት ሚሊ ሜትር እንደሚርቅ መጻፍ። ግራና ቀኙ እኩል እንዲሆን ጠባብ ወረቀት ቱቦው ላይ ጠምጥሞ ጫፎቹ የሚገናኙበት ላይ መቁረጥ፣ ከዚያ ሁለት ጊዜ ማጠፍ። እጥፋቶቹ ላይ በእርሳስ ተሰምሮ ወረቀቱ ተመልሶ ሲጠመጠም የቱቦው ላይ፣ ታች፣ ቀኝና ግራ ይገኛል። በዓይን ግምት የተለጠፈ ዲካል ከአንድ ጎን ሲታይ ልክ ይመስላል፤ ከፊት ሲታይ ግን አንዱ ፊደል ሽቅብ፣ አንዱ ቁልቁል ነው።

አዲሱ ቀለም ሲነካ ስለማይጣበቅ ብቻ ደረቀ ማለት አይደለም። ከውስጡ ቲነሩ ገና እየወጣ ነው፤ በዲካል ሲታፈን ፊኛ ያወጣል። ቢያንስ አንድ ሳምንት፣ ብርድ ከሆነ ከዚያም በላይ መጠበቅ ነው። ጥሩው ፈተና ማሽተት ነው፤ የቲነር ሽታ ካለ አልደረሰም።

የውሃው ዲካል አለጣጠፍ ከባድ አይደለም፣ ችኮላ ግን አይወድም። ለብ ባለ ውሃ ከ30 እስከ 60 ሰከንድ ይነከርና ይወጣል፤ በራሱ ተላቆ እስኪንሳፈፍ ውሃው ውስጥ ከቆየ ሙጫው ታጥቦ ይቀራል። ቱቦው ይረጥባል። ዲካሉ ከነወረቀቱ ቦታው ላይ ይቀመጥና በአውራ ጣት ቀለል አድርጎ በመያዝ ወረቀቱን ከሥሩ መሳብ ነው። ወረቀቱን ይዞ ዲካሉን የሚስብ ሰው ይቀደዋል። ከዚያ በእርጥብ ጥጥ ጨርቅ ከመሀል ወደ ዳር ውሃውን መግፋት። አየር የያዘ ቦታ በቀጭን መርፌ ጫፍ ተወግቶ ይጫናል። ከ24 ሰዓት በኋላ ዳር ዳሩን የደረቀውን ሙጫ በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ አይዘንጋ፤ ክሊር ሥር ከቀረ ነጭ ወይም ቢጫ ክብ ሆኖ ይታያል።

ቪኒሉ ይቅር ባይ ነው። ግማሽ ሊትር ውሃ ላይ ሁለት ሦስት ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና አድርጎ ቱቦውን መርጨት፤ ዲካሉ ቦታው እስኪገኝ ይንሸራተታል። ውሃው በጨርቅ በተጠቀለለ የፕላስቲክ ካርድ ተገፍቶ ይወጣል፣ ግማሽ ሰዓት ይጠበቃል፣ የላዩ ወረቀት ወደ ራሱ እየታጠፈ ቀስ ብሎ ይላጣል። ጉዳቱ ውፍረቱ ነው። ጣት ሲያልፍበት ጠርዙ ይሰማል፤ ያንን ለመደበቅ ክሊር ደጋግሞ መርጨትና በመሀሉ በቁጥር 1500 የብርጭቆ ወረቀት ከውሃ ጋር ማለስለስ ያስፈልጋል።

አደገኛው ክሊሩ ነው። የመጀመሪያው ርጭት ከበዛ ቲነሩ የውሃውን ዲካል እንደ ደረቀ ቅጠል ያጨማድደዋል፣ መመለሻም የለውም። ሁለት ሦስት ጊዜ እንደ ጤዛ በስሱ፣ በየመሀሉ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ እየጠበቁ፤ ከዚያ በኋላ ነው ወፈር ያለው። አሮጌ ማንኪያ ላይ ያንኑ ቀለም፣ ትርፉን ዲካልና ያንኑ ክሊር ሞክሮ ማደር ብዙ ቁጭት ያድናል። ማጠንከሪያ የሚጨመርበት ክሊር ቤንዚንም ጭረትም ይችላል፤ ግን አይሶሳያኔት የሚባል ሳንባ የሚጎዳ ኬሚካል አለበት፣ በተራ የአቧራ ማስክ የሚረጭ አይደለም።

የቀረው ሥራ የታወቀ ነው፤ ሰው የሚሳሳትባቸውን ብቻ ልጥቀስ። ፔዳል የሚይዘው ዘንግ አንድ ወጥ ስለሆነ በግራ በኩል ተፈትቶ በቀኝ በኩል ነው የሚወጣው። የግራው ፔዳልም ሆነ በዚያው በኩል ያለው ዳዶ ጥርሳቸው የተገላቢጦሽ ነው፤ በሰዓት አቅጣጫ ሲዞሩ ይፈታሉ። ኩሽኔታዎቹ እያንዳንዳቸው ባለ 9 ኳስ፣ ቁጥር 64 ናቸው። የክሮም ዝገት በውሃ በተነከረ አልሙኒየም ፎይል ሲፈተግ ይለቃል።

ጎማ ሲገዛ ደግሞ የተጻፈውን አንብቡ። የ1960ዎቹ ታይፉን ቸርኪ ኤስ-7 የሚባለው ነው፣ ጎማው 26 በ1¾። ሱቅ ውስጥ የሚገኘው 26 በ1.75 ሲሰላ ያው ይመስላል፣ ግን አይገባም፦ የመጀመሪያው የሚቀመጥበት ክብ ከዳር እስከ ዳር 571 ሚሊ ሜትር፣ የሁለተኛው 559 ነው። በካቻቢቴ ታግለው ሊያስገቡት የሞከሩ ካላማዳሪያውን በስተው፣ አዲስ የተቀባውን ቴላዮ ቧጭረው ነው የሚያበቁት።

ለውሃው ስብስብ በስክሪን የታተመ ከሆነ ከአምስት አራት፤ ለቪኒሉ ሦስት። የውሃውን የምታዙ ከሆነ የታችኛውን ቱቦ ስም አንድ ትርፍ ጨምሩ። አንዱ መቀደዱ አይቀርም።